ያረጋልን ያነሣሁ ቀን

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆኖኛል፤ ቤት መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን እወለውላለሁ፣ ኮቴን እደርባለሁ፣ በሩ ላይ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ፣ "ኧረ አንድ ቀን እንኳ አረፍ በል! ወንበሩ እሾህ የለበትም" ትለኛለች። ልክ ናት። ግን መጀመሪያ የካሜራ ሦስት እግር ተሸክሞ፣ ኋላም እርሳስና ወረቀት ይዞ አገር ላገር ሲዞር ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ ዝም ብሎ መቀመጥን በአንድ ጀንበር አይማርም።

የስንብቴ ዕለት በቴሌቪዥን መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ለስላሳና ኬክ ቀርቦ ነበር። አንዲት ወጣት የስክሪፕት ጸሐፊ፣ "ጋሼ ዳምጤ፣ የመጀመሪያ ፊልምዎ የቱ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስለ ድልድይ ሥራ የተሠራች አጭር ፊልም ናት" አልኳት። አጨበጨቡልኝ። ውሸቴን ነበር። የመጀመሪያ ፊልሜን ያነሣሁት በጠላት ዘመን፣ በጠላት ካሜራ፣ በገዛ አገሬ ላይ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እናቴ አዊ፣ አባቴ የጃቢ ሰው ስለነበሩ በአገውኛም በአማርኛም አፌን ፈታሁ። ቅኔ የተማርኩት ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ማዶ ነው። ተቀኝቼ ሳልጨርስ ጣሊያን ገባና ጉባኤው ተበተነ። መምህራችን፣ "እንግዲህ የምትቀኙትን በሆዳችሁ ያዙት" ብለው አሰናበቱን። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ከዚያ በመንገድ ሥራ ካምፕ ድንጋይ ስፈልጥ ጣሊያንኛ ለቀምኩ። ቅኔ ቤት ግሥ ሲያወርድ የኖረ ጆሮ የሰማውን አይጥልም። ወሬው ቡሬ ምሽግ ደረሰና፣ የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን አማርኛም አገውኛም የሚያውቅ አስተርጓሚ ይፈልጋል ተብሎ ወሰዱኝ። "ትሄዳለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም "አልሄድም" ብዬ አልተጎተትኩም። ድንጋይ መፍለጥ መሮኝ ነበር። ይህንን አልደብቅም።

ካፒቴኑ የሰጠኝ ሥራ ግን እሱ ዘንድ መቆም ብቻ አልነበረም። "የሰላም አገር" የሚባል ፊልም እንዲያነሡ የተላኩ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነበሩ፤ ሲኞር ብሩኖ ይባላሉ። በአገራቸው የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ሳል ያንገላታቸዋል፣ እግራቸውም ደካማ ነው። አስተርጓሚም ተሸካሚም እንድሆናቸው ተመደብኩ። ካፒቴኑን በዚህ ጽሑፍ "እሱ" እያልኩ እሳቸውን "አንቱ" ማለቴ አንባቢን ካስከፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መምህሬ ነበሩ። መምህርን ዝቅ አድርጌ መጥራት አላደግኩበትም።

ሙያውን እንዲህ አስተማሩኝ። አንድ ቦታ ስንደርስ ካሜራ አያወጡም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሰው ያልፋል፣ ከብት ያልፋል፣ ፀሐይ ትዞራለች፤ እሳቸው ያያሉ። እኔ እቁነጠነጣለሁ። "ሲኞር፣ ቀኑ እየሄደ ነው" ስላቸው፣ "ተቀመጥ። የቸኮለ ዓይን የራሱን ችኮላ ብቻ ነው የሚያየው" ይሉኛል። ግማሽ ቀን ተቀምጠው የሚያነሡት አሥር ቁጥር እስኪቆጠር ድረስ የሚቆይ ምስል ነው። ያንንም ባነሡ ቁጥር በትንሽ ደብተር ይጽፉታል፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣ፣ ስንት ቁጥር እንደቆየ።

ፊልም ማጉረስን ያስተማሩኝ በጥቁር ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ሁለት እጅጌ አለው። እጅህን ታስገባለህ፣ ብርሃን እንዳይገባ ክንድህ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ፊልሙን ሳታይ በጣትህ ጥርስ ለጥርስ ታገጣጥማለህ። ስሳሳት አይቆጡም። "ጣቶችህ ዓይን እስኪያወጡ" ብለው እንደገና ያስጀምሩኛል። የፊልሙን ቆርቆሮ ሙቀት እንዳያበላሸው በረጠበ ጆንያ ጠቅልለን በበቅሎዋ ጥላ ሥር እናስቀምጣለን። እኩለ ቀን ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው እንዳላነሣ ከለከሉኝ። ነጠላው እንደ ፋና ይበራና ፊቱ ጨለማ ይሆናል።

አንድ ልማዳቸው ብቻ አልገባኝም። ፊት አያነሡም። አራሽን ከኋላው፣ ነጋዴን ከሩቅ፣ ሸማኔን እጁን ብቻ። "ጀርባ፣ እጅ፣ እግር፣ ሩቅ" ይሉኝ ነበር እንደ ዳዊት ድገም። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሰው ፊት ማንሣት የማይችሉ፣ ዕድሜያቸው የሄደባቸው ሰው መሰሉኝ። በሆዴ ናቅኳቸው።

ሕይወታችን መንገድ ብቻ ነበር። ዛሬ ቡሬ፣ ነገ ማንኩሳ፣ ከነገ ወዲያ ወጀት። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ ወጀት ነበር የምትባለው። ከፊታችን ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር፣ ከኋላችን አስካሪ፣ ከግራና ከቀኝ አርበኛ የሚደበቅበት ጫካ። ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከበቅሎዋ ጎን ጎንበስ እላለሁ። መንደር ስንገባ ሰው ያስተናግደናል፤ እኔን ግን ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። "ባለ ሳጥኑ" ነው ስሜ። አንድ ቀን እናቴን ልጠይቅ ብሄድ፣ "ልጄ፣ ብላ፤ ግን ሰው ሳያይህ ሂድ" አለችኝ። ሽሮዋን በላሁ። ሰው ሳያየኝ ሄድኩ።

በግንቦት ወር ካፒቴኑ፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የታቦት ንግሥ ይነሣ ብሎ አዘዘ። ሕዝቡ በሰላም ሲያከብር እንዲታይ ነው። አስቀድሜ አለቃውን ለማስፈቀድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ ቄስ ነበሩ። "አባ፣ ንግሡን በካሜራ ልናነሣ ፈቃድዎን ልንጠይቅ ነው" አልኳቸው። እሳቸውም፣ "ታቦት የሚያነሣው ካህን ነው። እናንተ ሰው አንሡ፤ የለመዳችሁት እሱን ነው" አሉኝ። ቅኔ ቤት አድሬ እንኳ ሰሙን ሰምቼ ወርቁን ሳልሰማ፣ እጅ ነሥቼ ተመለስኩ።

የንግሡ ዕለት ሲኞር ብሩኖን ሳል አላስቆም አላቸው። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ትንሿን ካሜራ፣ በመጠምዘዣ የምትሠራውን፣ ሰጡኝ። የመጀመሪያዬ ነው። "ጀርባ፣ እጅ፣ እግር፣ ሩቅ" አሉኝ። "እሽ" አልኩ።

ጀርባ አነሣሁ፣ እጅ አነሣሁ። ከዚያ አንድ ሰውዬ አየሁ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ገበሬ ነው፤ ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ በሆታው መሐል ቆሟል። እየጨፈረ መጥቶ ካሜራው ፊት ቀጥ አለ።

"አንተ ባለ ሳጥን! ይኼ ነገር ምን ይበላል?" አለኝ።

"ብርሃን ነው የሚበላ።"

"እንግዲያማ ሲመሽ ጦሙን ማደሩ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከፊቱ ተርፎ ትከሻው ድረስ ይወርዳል። ወራት ሙሉ ቀና ብሎ ያየኝ፣ ቀልድ የቀለደኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ጣቴ ሳላዝዘው ቁልፉን ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ቁጥር።

"ስምህ ማነው?" አልኩት።

"ያረጋል ነኝ። ያረጋልን አስቀረው በላቸው! ዘንድሮ ጤፌ ይያዝልኝ እንጂ፣ ምሽቴም ነፍሰ ጡር ናት፤ ኅዳር ላይ መጥተህ ልጄንም ታነሣልኛለህ።"

ወደ ዋርካው ተመልሼ ለሲኞር ብሩኖ ስለዚያ ምስል አልነገርኳቸውም። በደብተራቸውም አላስጻፍኩም።

ፊልሙ በካሚዮን አስመራ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ፣ ታጥቦና ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት እስኪመለስ ስድስት ወር ፈጀ። ኅዳር ላይ ደረሰ። ካፒቴኑ ከሰዓት በኋላ በምሽጉ የእህል መጋዘን መስኮቶቹን በብርድ ልብስ አስጋርዶ፣ መኮንኖቹንና ለጣሊያን ገብተው የተሾሙትን የአገር ሹማምንት ሰበሰበ። ሲኞር ብሩኖ ከማሽኑ ኋላ፣ እኔ ከተወጠረው አንሶላ አጠገብ ሆኜ ጣሊያንኛውን ላስተረጉም ቆምኩ።

ጀርባ አለፈ። እጅ አለፈ። ድንገት የያረጋል ፊት አንሶላውን ሞላው። ቆራጮቹ ከሲኞር ብሩኖ ጀርባዎች ሁሉ የእኔን ፊት መርጠው አሥራ አንዱንም ቁጥር ሳይነኩ ትተውታል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ "እህ!" አለ። ደረቴ ተነፋ። ማስተርጎሜን ረስቼ ሥራዬን አየሁ።

ከሹማምንቱ አንዱ ብድግ አለ። "ተገኘ ነው! ይኼ ተገኘ ነው! ካሚዮኖቹን ያቃጠለው ሽፍታ!"

ካፒቴኑ፣ "አቁም!" ብሎ ጮኸ። ሲኞር ብሩኖ፣ "ማሽኑ ከቆመ መብራቱ ፊልሙን ያቃጥለዋል" አሉት። እንደገና ጠቅልሎ እንዲያሳይ አዘዘ። ሦስት ጊዜ ታየ። ያረጋል ሦስት ጊዜ ሳቀ። ሲኞር ብሩኖ ከማሽኑ ኋላ ሆነው እኔን አዩኝ፤ ያን አስተያየታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። "ይህን ያነሣኸው አንተ ነህ። ሰውየውን ታውቀዋለህ?"

እዚህ ላይ ልቁም። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንን ጥያቄ መልሼ መላልሼ መልሼዋለሁ። ስሙን አውቃለሁ። ገበሬ እንደሆነ፣ ምሽቱ ነፍሰ ጡር እንደነበረች አውቃለሁ። "ያረጋል ይባላል፤ ገበሬ ነው" ብል አራት ቃል ነው። ግን እኛ አገር ባለሥልጣን "ታውቀዋለህ?" ካለ መልሱ "አላውቀውም" ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ካወቅኩት "ከየት አወቅከው? ማን ነው ዘመዱ?" ይመጣል። ሰውየውን መሸሸጌም መስሎኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ፍርሃት ነበር። ለራሴ ፈራሁ።

"አላውቀውም" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ንግሡ ወደተነሣበት መንደር ካሚዮን ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። ያረጋል እጁን የፊጥኝ ታስሮ ሲወርድ ምሽጉ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢው ላይ የጤፍ ገለባ አለ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"አንተ ባለ ሳጥኑ! እሰይ፣ እግዜር ነው ያቆመህ! ስሜን ነግሬህ የለም እንዴ? ንገርልኝ! እኔ ተገኘ አይዶለሁም በል። ተገኘ ወንድሜ ነው፤ መልካችን ነው አንድ። እኔ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ምሽቴ አራስ ናት፤ ጤፌ አልታጨደም። ልግባ በላቸው፤ እባክህ ልግባ በላቸው!"

አንድ ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩለት። ከራሴም ጨመርኩ፤ "እውነቱን ነው፤ በንግሡ ዕለት ስሙን ነግሮኛል፤ ያረጋል ነው" አልኩ። ሲኞር ብሩኖም እያሳላቸው መጥተው፣ "ልጁን እመነው" አሉት።

ካፒቴኑ ሲጋራውን ለኮሰ። "ትናንት አላውቀውም አልክ። ዛሬ ስሙን ታውቃለህ። የትኛው ነው ውሸቱ?"

"የትናንቱ ነው።"

"እንግዲያ የሚዋሽ አስተርጓሚ ነህ። የሚዋሽ አስተርጓሚ የሚለውን ደግሞ አልሰማም።"

ያረጋል ጣሊያንኛ አይገባውም። አንዴ እኔን አንዴ ካፒቴኑን ያያል። "ምን አለ? አመነህ?" አለኝ።

የሰው ሁሉ ቃል የማስተረጉም ሰው ያንን ማስተርጎም አቃተኝ። "ነገ ይታያል አለ" አልኩት።

"እሰይ! እግዜር ይስጥህ" አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ለእኔ ምስጋና ነው። ይዘውት ገቡ።

እኔንም በዚያው ሰዓት አሰሩኝ። ያረጋልን በማግስቱ ገበያው ዳር ረሸኑት። አላየሁም፤ ተኩሱን ግን ሰማሁ።

ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ በእስር ቤቱ በር ቀዳዳ ወደ ግቢው ሳይ፣ ሲኞር ብሩኖ ገና ያልታጠቡትን የፊልም ቆርቆሮዎች ሁሉ አውጥተው በድንጋይ ላይ ደርድረዋል። አንድ በአንድ ክዳናቸውን እየከፈቱ ፊልሙን በጠራራ ፀሐይ ይዘረግፉታል። ያልታጠበ ፊልም ፀሐይ ካየው አለቀለት፤ ምንም አይቀርበትም። ካፒቴኑ እየጮኸ መጣ። "እጄ ተንሸራተተ" አሉት፤ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ።

በማግስቱ በካሚዮን ሊወስዷቸው ሲሉ በቀዳዳው በኩል መጡ። "ለምን ፊት እንደማላነሣ ልነግርህ ይገባኝ ነበር" አሉኝ። "በጦርነት አገር ፊት ማስረጃ ነው፤ ለማን ማስረጃ እንደሚሆን ግን አንሺው አያዝበትም። ይህንን ጮክ ብዬ መናገር ፈራሁ። የእኔም 'አላውቀውም' ይህ ነው።" ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ የት እንደወደቁም አልሰማሁም።

ጣሊያን ቡሬን ለቆ እስኪወጣ ድንጋይ ስፈልጥ ቆየሁ። በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ይጨፍራል፤ እኔ ተደብቄ ሄድኩ። የአዲስ አበባ መንገድ በማንኩሳ ያልፋል። በማንኩሳ ላለማለፍ በእርሻ መሐል፣ በገደል ሥር ዞሬ ሁለት ቀን ጨመርኩበት።

አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ፊልም ክፍል ሲቋቋም ፊልም ማጉረስ የሚያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነበርና ወዲያው ተቀጠርኩ። ከየት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ "ከአንድ ፎቶ ቤት" አልኩ። ድልድይ አነሣሁ፣ ትምህርት ቤት አነሣሁ፣ የከብት ክትባት አነሣሁ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ የቢሮውን የወረቀት ምልልስ ደግሞ ተዉት። ቴሌቪዥን ሲመጣ ጉልበቴ ስለደከመ ወደ ስክሪፕት ጽሕፈት ተዛወርኩ። እዚያም የሲኞር ብሩኖን ቁጥር ይዤ ሄድኩ፤ ምስሉ ለአሥር ቁጥር ከቆየ ለሰባት ቁጥር ቃል ጻፍ፣ ሦስቱን ለተመልካቹ ተውለት። ምስሉ የተናገረውንም ቃል አይድገመው።

ባልደረቦቼ "ስም ጠያቂው" ይሉኝ ነበር። ያነሣነው ሰው ሁሉ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ቀበሌው በደብተር ካልተጻፈ ስክሪፕት አልጽፍም። አንድ አለቃዬ በግድብ ምረቃ ፊልም ላይ፣ "የአንድ የቀን ሠራተኛ ስም ለምን ይጠቅማል?" ብለው ተቆጡኝ። "ካልጠቀመ ፊቱን ለምን አነሣነው?" አልኳቸው። ለሁለት ወር ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። እዚያ መቀመጥ ከእስር የባሰ ሆነብኝና ለምኜ ወጣሁ። ሁልጊዜ መስክ ነው የምጠይቀው። ባሌ ሲባል እኔ፣ ወለጋ ሲባል እኔ። ጎጃም ሲባል ብቻ ከሌላ ሰው ጋር እለዋወጣለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርኩ። ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አዲስ አለቃ መጡ፤ በምዕራብ ጎጃም ስለ አርበኞች ዘመን ፊልም ይሠራ አሉ። "የተወለድክበት አገር ነው፤ ካንተ የተሻለ የለም።" የምለዋወጠው ሰው አጣሁ።

ፍኖተ ሰላም እንደደረስን የአገር ሽማግሌዎች ሰብስበው አነጋገሩን። "ከሁሉ በፊት የያረጋልን ታሪክ አንሡ" አሉን። እርሳሴን ደብተሬ ላይ አስቀመጥኩ። አንደኛው ተነሥተው ተረኩልን፦ ጠላት ተገኘን ሲፈልግ ያረጋል እንዲህ ብሎ ወጣ፤ "ተገኘ እኔ ነኝ፤ ወንድሜን ተዉት!" ብሎ ደረቱን ለጥይት ሰጠ። ለቅሶ ላይ የሚባልለት ግጥምም አለ። የካሜራ ሠራተኛዬ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ "ጋሼ፣ ፊልሙን አገኘነው" አለኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ተገኘ ቤት ሄድኩ። ሽበታም ሆነዋል፤ አውድማ ዳር ተቀምጠው በሬዎቹን ያያሉ። መልካቸው ያው የያረጋል ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"አያ ተገኘ፣ ያን ጊዜ ባለ ሳጥኑ እኔ ነበርኩ" አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳቁን፣ መጋዘኑን፣ "አላውቀውም" ማለቴን፣ ያረጋል ምን ብሎ እንደለመነ።

በዱላቸው መሬቱን ይጭራሉ።

"እኔ ነኝ ብሎ አልሞተም" አሉ በመጨረሻ። "አውቃለሁ። ያረጋል ውሻ ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው ነበር። ያን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከጫካ ስገባ ሰው ሁሉ 'ታናሹን አስበልቶ ተመለሰ' ሊለኝ ነው፤ እናቴ አፍ አውጥታ ባትጠይቀኝም በዓይኗ ትጠይቀኛለች። ሞቱን ጀግንነት አለበስኩት። ለእሱ ክብር ብዬ ነው እላለሁ፤ ለራሴ ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲህ ምን ልታደርግ ነው?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። የእሱ ሞት የኔም ያንተም አይዶለ። እናኑን እንጠይቃት።"

እማሆይ እናኑ የያረጋል ምሽት ናቸው። ሌላ ባል ሳያገቡ ልጃቸውን አሳድገው ቆብ ደፍተዋል። የያረጋልን ታሪክ ሊያነሡ ቀድመው የሄዱት የፊልም ጓዶቼ ጓሯቸው ውስጥ ካሜራውን ተክለው ይጠብቁናል፤ እሳቸው በርበሬ ሲቀነጥሱ ቁጭ ብለዋል። ልጃቸው፣ አሁን ትልቅ ሴትዮ፣ ከጎናቸው ናት። ካሜራው ይጥፋ አልኩ። አያ ተገኘ የራሳቸውን ተናገሩ፤ እኔም የራሴን። እሳቸው በርበሬ መቀንጠሳቸውን አላቆሙም።

ስጨርስ እጃቸው ቆመ። "ምን አለ ያሉኝ? ከካሚዮኑ ሲወርድ?"

"'ምሽቴ አራስ ናት' አለ።"

"ሌላስ?"

"'ጤፌ አልታጨደም' አለ። 'እባክህ ልግባ በላቸው' አለ።"

"ልግባ አለ?"

"አለ።"

በበርበሬው እጃቸው ዓይናቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ልጃቸው እጃቸውን ያዘቻቸው። ወደ አያ ተገኘ ዞሩ። "ይኼን ሁሉ ዘመን 'ለወንድሙ ሞተ' ባላችሁኝ ቁጥር ተቀይሜዋለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እኔንና አራስ ልጁን ትቶ ስም ሊያወጣ ሄደ ብዬ፣ የሞተ ሰው ተቀየምኩ፤ እርስዎ ነዎት ያስቀየሙኝ።" አያ ተገኘ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። "እርስዎን ገና አላሰብኩበትም። አስብበታለሁ። አሁን ያን ነገር ይክፈቱት።"

ካሜራው ተከፈተ። እማሆይ እናኑ ቆባቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው አዩት።

"እናኑ እባላለሁ" አሉ። "የያረጋል ምሽት ነኝ። ባሌ ጀግና አልነበረም፤ ገበሬ ነበር። እኔ ተገኘ ነኝ አላለም። እጁን ታስሮ 'ልግባ' ብሎ ለመነ። አፍራችሁበት እንደሆነ እኔ አላፈርኩበትም። ሊመጣ ነበር እኮ። ወደ ቤቱ ሊመጣ ነበር።"

ልጃቸው በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ የካሜራ ሠራተኛዬ ምስሉን ወደ እሷ ሊያዞር ሲል እጁን ያዝኩት። ካሜራው እማሆይ ላይ ቆየ። አልቆጠርኩም። ፊልሙ ራሱ እስኪያልቅ ድረስ ተውኩት።